ቋሚ አበባዎችን እንደ ቦታው ጠባይ መርጦ ስለ መትከል

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በየገጠሩ ዘወትር የሚታይ አንድ ነገር አለ። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተሠርቶ ሲያልቅ በግቢው ውስጥ አበባ እንዲተከል ይወሰናል፤ ገንዘብ ይመደባል፤ ከከተማ ችግኝ ተጭኖ ይመጣል። ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ግቢው ያምራል። ጥር ሲገባ ግን ከተተከለው የሚበልጠው ደርቆ፣ የቀረውም በፍየል ተግጦ ይገኛል። በዓመቱ እንደገና ችግኝ ይገዛል፤ እንደገናም ይደርቃል። በመጨረሻም አባላቱ «ይህ አገር አበባ አያበቅልም» ብለው ነገሩን ይተዉታል።

ጥፋቱ ግን የአገሩም የአበባውም አይደለም፤ የአመራረጥ ጉድለት ነው። በደጋ ውርጭ የማይችለው፣ በቆላ ጥላ የሚፈልገው፣ ውኃ በሚተኛበት መረሬ ላይ ደረቅ መሬት የሚወደው ስለ ተተከለ ነው።

ከዚህ የከፋ ስሕተትም አለ። ይኸውም ለአበባው ውበት ተብሎ የገባ ተክል ሳይደርቅ ቀርቶ ከግቢ ወጥቶ የግጦሽ መሬትን ወይም ውኃን የወረረ እንደ ሆነ ነው። የደረቀ ችግኝ የአንድ ዓመት ወጪ ያባክናል፤ የወረረ ተክል ግን ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ዕዳ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚተከለውን ብቻ ሳይሆን የማይተከለውንም ይዘረዝራል።

ቋሚ አበባ ማለት ምን ማለት ነው?

አደይ አበባ በክረምቱ ዝናብ በቅሎ በመስከረም ሜዳውን ካስጌጠ በኋላ ከጥቂት ሳምንታት በላይ አይቆይም። ቋሚ አበባ የምንለው ግን አንድ ጊዜ ከተተከለ ለብዙ ዓመታት የሚኖረውንና በየወቅቱ የሚያብበውን ነው። እነዚህም በሦስት ይከፈላሉ።

1. ሥራቸው በመሬት ውስጥ እየኖረ በየጊዜው የሚያቆጠቁጡ፦ እንሶስላ፣ ካና፣ አጋፓንተስ።
2. ቁጥቋጦዎች፦ ቀጋ፣ ጽጌረዳ፣ ሰንሰል፣ ግራዋ፣ አሜጃ፣ የጥብስ ቅጠል።
3. ሐረጎች፦ እንደ ቡገንቪሊያ ያሉት።

የቋሚ አበባ ጥቅም በየዓመቱ ዘር መግዛትና መደብ መቆፈር አለማስፈለጉ ነው። ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል። አንድ ጊዜ በተሳሳተ ቦታ ከተተከለ ስሕተቱ አብሮ ለብዙ ዓመት ይኖራል። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» እንደሚባለው፣ ሳይመርጡ ተክሎ ኋላ ከመንቀል አስቀድሞ ቦታውን ማጥናት ይሻላል።

ከመምረጥ በፊት የሚጠየቁ አራት ጥያቄዎች

1ኛ. ቦታው ምን ያህል ከፍታ ላይ ነው? በአገራችን ከባሕር ወለል በላይ ከ500 እስከ 1500 ሜትር ያለው ቆላ፣ ከ1500 እስከ 2300 ያለው ወይና ደጋ፣ ከ2300 እስከ 3200 ያለው ደጋ፣ ከዚያ በላይ ያለው ውርጭ ይባላል። በደጋ ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርባቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ለስላሳ ቅጠልና ውኃ የበዛበት ግንድ ያላቸው እንደ ካናና ጄራኒየም ያሉ ተክሎች በዚህ ጊዜ ይቃጠላሉ።

2ኛ. ፀሐይ ስንት ሰዓት ያገኛል? ይህን በግምት መናገር አይገባም። የልማት ሠራተኛው በአንድ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓት እና ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ላይ ቦታውን ይመልከት። በሦስቱም ጊዜ ፀሐይ ካለ ቦታው ፀሐያማ ነው። በአንዱ ብቻ ካለ ከፊል ጥላ፣ በአንዱም ከሌለ ጥላ ብሎ ይመዝግብ።

3ኛ. አፈሩ ውኃ ያሳልፋል ወይስ ይይዛል? 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ ሞልቶ ማስረግ፣ ከዚያም ሁለተኛ መሙላት። በማግስቱ ውኃው ተኝቶ ከተገኘ ቦታው ውኃ ይይዛል። እንዲህ ባለ ቦታ የጥብስ ቅጠል፣ እሬት ወይም ጦስኝ ቢተከል ሥሩ ይበሰብሳል። ሌላ ምርጫ ከሌለ ከመሬቱ ከፍ ያለ መደብ መሥራት ያስፈልጋል።

4ኛ. በቦታው ማን ይመላለሳል? ሕፃናት የሚጫወቱበት ነው? ከብት ይገባበታል? የንብ ቀፎ በአቅራቢያው አለ? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው፤ ሲረሳ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ከሁሉ ይበልጣል።

ለየቦታው የሚስማሙ ቋሚ አበባዎች

ሀ. ፀሐያማ፣ ደረቅና ድንጋያማ ቦታ

ለእንዲህ ያለ ቦታ የመጀመሪያው ምርጫ እሬት ነው። አገራችን ብዙ የእሬት ዝርያዎች ያሏት ስትሆን ከእነዚህም ውስጥ በሌላ አገር የማይገኙ አሉ። ወፍራም ቅጠሉ ውኃ ስለሚያጠራቅም ድርቅ ይችላል፤ እንደ ቧንቧ ያሉት ቀይና ብርቱካናማ አበባዎቹ ንብንና አበባ ቀሳሚ ወፎችን ይስባሉ። ከዋናው ተክል ጎን የሚበቅሉትን ቡቃያዎች ነጥሎ በመትከል በቀላሉ ይባዛል።

የጥብስ ቅጠል (ሮዝሜሪ) ውኃ በሚያሳልፍ አፈር ላይ በጣም ይስማማዋል። ሰማያዊ አበባውን ንቦች ይወዱታል፤ ቅጠሉ ለወጥ ቤትና ለገበያ ይሆናል። በመንገድ ዳር ዝቅተኛ አጥር ተደርጎም ሊከረከም ይችላል።

በሰሜን አገራችን በተራቆቱ ኮረብታዎች ላይ የሚበቅለው፣ በትግርኛ ጠብብ የሚባለው አጭር ቁጥቋጦ ለታዋቂው የትግራይ ነጭ ማር ዋና ምንጭ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ያብባል። በዚያ አካባቢ የሚሠሩ ማኅበራት ከብት በማይገባበት ተዳፋት ላይ ቢጠብቁትና ቢያበዙት ለአፈር ጥበቃውም ለማሩም ይበጃል።

ቡገንቪሊያ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እሾሃማ ሐረግ ነው። በቆላና በወይና ደጋ ሙሉ ፀሐይ ካገኘ ብዙ ውኃ ሳይፈልግ ያምራል። ቀለማም ሆኖ የሚታየው ክፍል ቅጠል መሰል ሽፋን ነው፤ እውነተኛው አበባ በመካከሉ ያለው ትንሹ ነጭ ቧንቧ ነው። ለጌጥና ለአጥር እንጂ ለንብ ተብሎ አይተከልም።

ለ. ጥላና እርጥበት ያለበት ቦታ

ከዛፍ ሥር፣ ከቤት ጀርባና በምንጭ አካባቢ ብዙ አበባዎች አይሆኑም። እዚህ ላይ አገር በቀሉን እንሶስላን የሚስተካከል የለም። እናቶቻችን ሥሩን ለእጅና ለእግር ማቅለሚያ ሲያደርጉት የኖሩት ይህ ተክል ትልቅ፣ ነጭና መዓዛማ አበባ ያወጣል፤ ጉሮሮው ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል። በአውሮፓ ያሉ የአትክልት ወዳጆች በግቢያቸው ሲያለሙት በእኛ ዘንድ ግን ከወንዝ ዳር ከመነቀል በቀር የሚተክለው ጥቂት ነው። ግንዱ በበጋ ቢጠወልግም ሥሩ ካልደረቀ በዝናብ ጊዜ እንደገና ያቆጠቁጣል። ስለዚህ «ሞቷል» ተብሎ ቦታው እንዳይቆፈር በችካል ምልክት ማድረግ ያሻል።

በከፊል ጥላ አጋፓንተስም ይስማማል። ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ሲሆን ሰማያዊ ወይም ነጭ አበባ አለው። በየሦስትና በየአራት ዓመቱ ተነቅሎ ከተከፋፈለ አንዱ ሥር ብዙ ይሆናል።

ሐ. ውኃ የሚተኛበት ቦታ

በውኃ ቦኖ አካባቢና የልብስ ማጠቢያ ውኃ በሚፈስበት ቦታ ካና ይመረጣል። ቀይና ቢጫ አበባ አለው፤ ሥሩ ተቆራርጦ ይባዛል። የፈሰሰውን ውኃ ስለሚጠጣ ጭቃው ይቀንሳል። ካና በልዩ ልዩ አገሮች በፍሳሽ ማጣሪያ ረግረጎች ውስጥ የሚተከለውም ስለዚሁ ነው። ከፍ ባለ ደጋ ግን ውርጭ ስለሚያቃጥለው አይመከርም።

ነጭ ቀንድ የሚመስለው ካላ የሚባለው አበባም እርጥብ ቦታ ይወዳል። ሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ «ኤቲዮፒካ» የሚል ቃል ስላለ የአገራችን የሚመስላቸው አሉ፤ መገኛው ግን ደቡብ አፍሪካ ነው። ጥሬው ቢቀመስ አፍና ጉሮሮን ስለሚለበልብ ሕፃናት ከሚደርሱበት ቦታ ይራቅ።

መ. ለአጥር

ሰንሰል (ስሚዛ) ለዚህ ሥራ በሕዝብ ዘንድ የተፈተነ ነው። ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል በቀላሉ ይጸድቃል፤ ከብት እምብዛም አይነካውም፤ ነጭ አበባውን ንብ ይቀስመዋል።

ቀጋ የአገራችን የራሷ ጽጌረዳ ነው። ነጭና መዓዛማ አበባ፣ ጠንካራ እሾህና የሚበላ ቀይ ፍሬ አለው። በደጋና በከፍተኛ ወይና ደጋ ከብት የማያሳልፍ አጥር ይሆናል። አበባው ነጠላ በመሆኑ ንብ የአበባ ዱቄቱን በቀላሉ ታገኛለች። ከውጭ የመጡት ቅጠለ ብዙ ጽጌረዳዎች ለዓይን ቢያምሩም ለንብ የሚሰጡት ጥቂት ነው።

ኮሸሽላ የሚባለው፣ ደማቅ ቀይ አበባና እሾሃማ ቅጠል ያለው አገር በቀል ቁጥቋጦም ለደጋና ለወይና ደጋ አጥር ያገለግላል። በደጋ ቢጫ አበባ ለሚፈልግ አሜጃ ጥሩ ምርጫ ነው።

ድግጣ በቢጫ አበባው ያማረ ነው፤ ንብም ይወደዋል። ነገር ግን ዓሣ ለማስከርና የከብት ቅማል ለማጥፋት የሚያገለግል መርዛማ ተክል ስለ ሆነ ለእርሻ ዳር እንጂ ለትምህርት ቤት አጥር አይሆንም። ቅንጭብና ቁልቋልም እንዲሁ ናቸው፤ ነጭ ወተታቸው ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ቆራጩ ሠራተኛ ፊቱንና እጁን ይሸፍን።

ሠ. ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያና ለመኖሪያ ደጃፍ

እዚህ ላይ የመጀመሪያው መመዘኛ ደኅንነት፣ ሁለተኛው ጥቅም፣ ሦስተኛው ውበት ነው። የጥብስ ቅጠል፣ ዳማ ከሴ፣ አደስና፣ ለደጋ ደግሞ ጦስኝ ሦስቱንም ያሟላሉ። አደስ ነጭ አበባና መልካም ሽታ ያለው ሁልጊዜ ለምለም ቁጥቋጦ ነው። ጦስኝ በደጋው መሬት ላይ ተንሰራፍቶ የሚበቅል፣ ሐምራዊ አበባ ያለውና ለሻይ የሚሆን አገር በቀል ተክል ነው፤ ከየተራራው ተነቅሎ እየተሸጠ ስለሆነ በግቢ ማልማቱ ለዱሩም እፎይታ ነው።

ጤና አዳምም በደጃፍ ይተከላል። ነገር ግን ጭማቂው በቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ከመታው ቆዳን ሊያቆስል ስለሚችል የሚገርዘው ሰው እጁን ይታጠብ።

ኦሊያንደር የሚባለው፣ ሮዝ ወይም ነጭ አበባ ያለው የከተማ መንገድ ዳር ቁጥቋጦ ቅጠሉ፣ አበባውና ግንዱ ሁሉ ብርቱ መርዝ ነው። ጥቂት ቅጠል የበላ ከብት ሊሞት ይችላል። የተገረዘው ቅርንጫፍ ከደረቀም በኋላ መርዙ አይለቀውም፤ ስለዚህ ለማገዶም ሆነ ለምግብ ማማሰያ እንጨት አይሁን። መለከት የሚመስል ትልቅ አበባ ቁልቁል የሚያንጠለጥለው ዛፍም ለሰው አእምሮ አደገኛ ነው። ሁለቱንም ሕፃናትና ከብት ባሉበት ግቢ አለመትከል ነው።

የንብ ጉዳይ

ንብ አርቢ አባላት ያሉት ማኅበር አበባን ሲመርጥ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን የሚያብብበትን ወር መመልከት ይገባዋል። በብዙው የአገራችን ክፍል ዋናው የማር ወቅት ከክረምት በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። በልግ ባለበትም ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሁለተኛ ወቅት ይኖራል። በእነዚህ ጊዜያት አበባ በየሜዳው አለ። ችግሩ በመካከሉ ባሉት የረኃብ ወራት ነው፤ መንጋው የሚደክመውና ቀፎውን ጥሎ የሚሄደው ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ በግቢና በእርሻ ዳር የሚተከለው ክፍተቱን የሚሞላ መሆን አለበት። ለምሳሌ ግራዋ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ደረቅ ወራት ስለሚያብብ ለንብ አለኝታ ነው። ቅጠሉ ለጋንና ለእንስራ ማጠቢያ፣ ግንዱ ለማገዶ ይሆናል፤ ከቁራጭም ይጸድቃል።

እያንዳንዱ የልማት ሠራተኛ የአካባቢውን የአበባ ቀን መቁጠሪያ ማዘጋጀት ይችላል። በደብተር ላይ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን አሥራ ሦስቱን ወራት ወደ ጎን ይጻፍ፤ የተክሎቹን ስም ወደ ታች ይዘርዝር፤ ሲያብቡ ያየበትን ወር ምልክት ያድርግ። ዓመቱ ሲሞላ ባዶ የቀረው ወር የሚተከለውን ይነግረዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ባበበ ተክል ላይ በቀን ፀረ ተባይ ከተረጨ ድካሙ ከንቱ ነው። መርጨት ግድ ከሆነ ንብ ወደ ቀፎ ከገባች በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ይሁን፤ ቀፎ ላላቸው ጎረቤቶችም አስቀድሞ ይነገር።

በአበባው አምሮ የመጣ ዕዳ

እምቦጭን የማያውቅ ዛሬ የለም። መገኛው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ወደ ሌሎች አህጉራት ሊዛመት የቻለው በአብዛኛው ሐምራዊ አበባው ለኩሬ ጌጥ ስለ ተወደደ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ መታየቱ ተመዝግቧል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በጣና ሐይቅ ላይ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች ሥራቸውን ትተው እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ እየገቡ በእጃቸው ሲነቅሉት ኖረዋል። ዓሣ አጥማጁ መረቡን መጣል አቃተው፤ የዳር መሬት ያለው ሩዙና ግጦሹ ተሸፈነበት። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ አንድ ጊዜ መንቀል አይበቃውም።

የወፍ ቆሎ የሚባለው ላንታናም እንዲሁ ነው። ከሞቃታማው አሜሪካ ለአጥርና ለጌጥ መጣ። ቢጫ፣ ብርቱካናማና ሮዝ አበባ በአንድ ራስ ላይ ሲያወጣ ያምራል፤ ንብና ቢራቢሮም ይጎበኘዋል። ነገር ግን ወፎች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን በየቦታው ስለሚጥሉት በተለይ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ሰፊ የግጦሽ መሬት ወሯል። ቅጠሉን የበላ ከብት ጉበቱ ይጎዳል፤ ቆዳውም በፀሐይ ይቆስላል። ስለዚህ ላንታና በማንኛውም የማኅበር ችግኝ ጣቢያ መባዛት የለበትም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። አዲስ የውጭ አገር አበባ ሲመጣ ሦስት ነገር ይጠየቅ። ፍሬውን ወፍ ይበላዋል? ተቆርጦ የተጣለው ቁራጭ በራሱ ይበቅላል? ከብት አይነካውም? የሦስቱም መልስ «አዎን» ከሆነ ተክሉ ከመሠራጨቱ በፊት በአቅራቢያ ያለውን የግብርና ምርምር ማዕከል ማማከር ይገባል። በተለይ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ማንኛውም አበባ ወደ ኩሬም ሆነ ወደ ግድብ አይግባ።

አተካከልና አያያዝ

1. የመትከያ ጊዜ። ዝናቡ ከጠና በኋላ፣ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ቢሆን ተክሉ በጋ ከመግባቱ በፊት ሥር ይሰድዳል። በነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ብዙ ጊዜ ጥርን አያልፍም።

2. ጉድጓድ። ለቁጥቋጦ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱም 40 ይሁን። የላዩና የታቹ አፈር ለየብቻ ይውጣ። የላዩ አፈር ከበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት ጋር ተቀላቅሎ ከሥር ይግባ። ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል።

3. ቁራጭ። የእርሳስ ውፍረትና ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ቢያንስ ሦስት ዓይን ያለበት ቅርንጫፍ ይቆረጥ። የታችኛው ጫፍ በሰያፍ፣ የላይኛው ቀጥ ብሎ ቢቆረጥ ተገልብጦ ከመተከል ያድናል። ሁለቱ ዓይኖች መሬት ውስጥ ይግቡ።

4. ብዛቱን ማስላት። 50 ሜትር አጥር በየ25 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ሰንሰል ቢተከል 200 ያህል ቁራጭ ይጠይቃል። ከመቶ ሃያው ባይጸድቅ ለመተካት 40 ተጨምሮ 240 ይዘጋጅ። ይህን አስቀድሞ ማስላት መሬቱ ከተቆፈረ በኋላ ቁራጭ ፍለጋ ከመሮጥ ያድናል።

5. ጉዝጓዝና ውኃ። በመጀመሪያው በጋ ከግንዱ አንድ እጅ ያህል ራቅ አድርጎ ሣር መጎዝጎዝ እርጥበት ይጠብቃል። በየቀኑ ጥቂት ከማርከፍከፍ በሳምንት ሁለት ጊዜ አጥግቦ ማጠጣት ሥሩ ወደ ታች እንዲሄድ ያደርጋል።

6. መግረዝ። አበባው ካለፈ በኋላ የደረቀውንና የተጣበበውን መቁረጥ። ሊያብብ ሲል የተገረዘ ተክል ለዚያ ዓመት አበባ አይሰጥም።

የማኅበሩ ድርሻ

ማኅበሩ በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉ ወይም በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ትንሽ የእናት ተክል መደብ ቢኖረው በየዓመቱ ችግኝ መግዛት ይቀርለታል። ከእያንዳንዱ ዓይነት አምስት ጤነኛ እናት ተክል ለጅምር ይበቃል። መደቡን የሚጠብቅ ሰው በስም ይመደብ፤ «የሁሉም ሥራ» የተባለ ውኃ ማጠጣት የማንም ሥራ ሳይሆን ይቀራል። የተተከለበት ቀን፣ የተተከለው ብዛትና በጥር ወር በሕይወት የተገኘው በመዝገብ ይጻፍ። ከሁለት ዓመት በኋላ ይህ መዝገብ ለአካባቢው ከየትኛውም የጽሑፍ ምክር ይልቅ ትክክለኛ መሪ ይሆናል።

ስለ ቦታው የቆዩ እናቶችና አባቶችም ይጠየቁ። እንሶስላ የት እንደሚበቅል፣ ግራዋ መቼ እንደሚያብብ፣ የትኛው ቅጠል ከብት እንደገደለ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ማጠቃለያ

ከፍታውን፣ ፀሐዩን፣ አፈሩንና በቦታው የሚመላለሰውን አጣርቶ የተከለ ሰው ብዙ አይሳሳትም። አገር በቀሉን አስቀድሞ መመልከት፣ መርዛማውን ከሕፃናትና ከከብት ማራቅ፣ ወራሪውን ከነጭራሹ አለማስገባት ዋና ዋናዎቹ ደንቦች ናቸው። ለመጪው ክረምት የሚተከለው የሚመረጠው ዛሬ፣ ፀሐዩ በሚታይበትና ደረቁ ቦታ ከእርጥቡ በሚለይበት በበጋ ወቅት ነው። የልማት ሠራተኛው ደብተሩንና ሜትሩን ይዞ በግቢው አንድ ቀን ቢዞር ለብዙ ዓመት የሚቆይ ሥራ ይጀምራል።